ኖኤሊያ ነኝ፣ እንዴት አደሩ?

ሰኞ፣ ኦክቶበር 6

ጻፉ ያለችን ኑሪያ ናት፤ አለቃችን። ዛሬ ጠዋት በስብሰባው ላይ፣ ቫሌንሲያ ካለው ቢሮዋ ሆና፣ «የሽማግሌዎቹን ጭንቀት ስትሰሙ ውላችሁ ማታ አብራችሁት አትተኙ። ጻፉትና ይውጣላችሁ» አለች። የሽማግሌዎቹ እንኳ ሲስተሙ ላይ ተጽፎ ያልቃል። እስቲ የራሴን ልጻፍ፤ ምኑን እንደሆነ ባላውቅም።

ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ይቸግረኛል። ጎረቤታችን ላላ ሶዲያ ስንት ጊዜ ነግሬያቸው እስካሁን «ሳትወጪ ሳትገቢ ምኑ ነው ሥራው?» ይሉኛል። ነገሩ ቀላል ነው። ስፔን ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ቤት ግድግዳው ላይ ማይክና ድምፅ ማጉያ ያለው ሳጥን ተገጥሟል። እኔ እዚህ ሞሮኮ፣ ቴቱዋን፣ ሳሎናችን ጥግ ላይ ተቀምጬ ቁልፉን ስነካ ድምፄ እነሱ ቤት ውስጥ ይወጣል። «ኖኤሊያ ነኝ፣ እንዴት አደሩ? ቁርስ በሉ? ኪኒንዎን ዋጡ?» ሉብና የሚለው ስሜ ደንበኞቹን ግር ያሰኛቸዋል ተብሎ ኖኤሊያ ተብያለሁ። የት እንዳለንም አንናገርም። «እናንተ ጋ ይዘንባል?» ካሉ መልሱ «እዚህም እንደዚያው ነው» ነው።

እማዬ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ባቄላ ስትፈለፍል ዋለች። ሥራ ስጨርስ፣ «ኖኤሊያ፣ ሰዎችሽ ደህና አደሩ ወይ?» አለችኝ። በሳቅ ፈረስን።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

ዶን ኤላዲዮ ዛሬ ልክ አይደሉም። ቴሩዌል አካባቢ አንድ መንደር ውስጥ የሚኖሩ፣ ባቡር ጣቢያ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የውሻቸውን ታሪክ ነገሩኝና ጨርሰው፣ ትንፋሽ ወስደው እንደ አዲስ ጀመሩት። ሚስታቸው የት እንዳሉ ስጠይቅ «ገበያ ሄዳለች» አሉ። ከሞቱ ቆይተዋል እኮ! ሲስተሙ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ይደጋግማሉ፤ የሞተ ሰው በሕይወት አለ ይላሉ፤ ልጃቸው በአስቸኳይ ሐኪም ጋ ትውሰዳቸው።

ኑሪያ ወዲያው ደወለች። «አንቺ የሚያመልጥሽ ነገር የለም። ልጅየዋ እንኳ አላስተዋለችም» አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋለ።

የበሩን ቁልፍ ፍሪጅ ውስጥ አገኘሁት። ቅቤው አጠገብ። ደክሞኛል ማለት ነው፤ ምን ሳስብ እንዳስቀመጥኩት አላስታውስም። የምስር ሾርባው፣ ሐሪራው፣ ደግሞ ስኳር ስኳር አለኝ። እማዬ ናት የሠራችው፤ ጥፋቱ ግን የኔ ነው፤ ጨውና ስኳሩን አንድ ዓይነት ጣሳ ውስጥ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ሁለታችንም ዝም ብለን በላነው።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 27

ስፔኖቹ ትናንት ሰዓታቸውን ወደ ኋላ መለሱት። እኔ ረስቼው በድሮው ሰዓት ደወልኩ። «ኖኤሊያ፣ ዶሮዎቹ እንኳ አልነቁም! ፖሊስ ልጥራብሽ?» አሉ ዶን ኤላዲዮ። ዛሬ ጥሩ ቀናቸው ነው።

ቀትር ላይ እማዬ ጀላቢያዋን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት።

«ወዴት ነው?»

«ዙሄርን ከትምህርት ቤት ላምጣው። ሰዓቱ አለፈ።»

ዙሄር ወንድሜ ነው። ታላቄ። ታንጀር ወደብ ላይ ይሠራል፤ ጢሙ እንኳ ሸብቷል። የእሱን ልጅ ማለቷ ይሆናል፤ ልጁም ቢሆን ያለው ታንጀር ነው። «ዛሬ ትምህርት የለም» አልኳት። «እንዲህ በይኛ!» ብላ ጀላቢያዋን አወለቀች። የሰዓቱ መቀያየር ሁላችንንም አምታቶናል።

አሁን ሳስበው የእኛ ሰዓት አልተቀየረም።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 5

ቸኩያለሁ። ኢንተርኔቱ ሁለት ጊዜ ተቋረጠ። ደንበኞች ተጠራቀሙ። የአስቱሪያሷ ዶኛ ኦብዱሊያ አለቀሱብኝ። የባቄላ ሾርባው፣ ቢሳራው፣ አረረ፣ ድስቱ ጠቆረ፣ ቤቱ በጭስ ታፈነ። ጋዙን የለኮስኩት እኔ አይደለሁም።

እኔ እሆናለሁ። እማዬ «አልነካሁም» ትላለች፤ እሷ ደግሞ አትዋሽም።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 7

ዙሄር መጣ። ኩስኩስ በላን። እማዬ የበግ ሥጋውን እየመረጠች እሱ ፊት ትከምር ነበር፤ እሱ ደግሞ መልሶ እሷ ፊት ያደርጋል። እጄን ስታጠብ ኩሽና ተከትሎኝ ገባ።

«ከስታለች» አለኝ።

«ሁሌም ቀጭን ናት።»

«ቀሚሷን ገልብጣ ነው የለበሰችው፤ አይተሻል?»

«ቤት ውስጥ ማን ያያታል?»

«አንቺ ታያለሽ ብዬ ነዋ! ሉብና፣ ሐኪም ጋ እንውሰዳት።»

ደሜ ፈላ። በወር አንዴ ብቅ ብሎ ኩስኩሱን በልቶ የሚሄድ ሰው እኔን ሊያስተምረኝ! «ቀኑን ሙሉ አብሬያት የምውል እኔ ነኝ» አልኩት።

«ቤት ነሽ» አለ ቀስ ብሎ። «ግን እዚህ አይደለሽም። ጆሮሽ ሌላ አገር ነው።»

ሲወጣ እማዬ ግንባሩን ሳመችው። በሩ ሲዘጋ ወደኔ ዞራ «ደግ ሰው ነው። ማነው?» አለችኝ። ቀልደኛ ናት፤ ድሮም አባቴን እንዲህ ስታበሽቀው ኖራለች። ዙሄር ግን ደረጃው ላይ ሰምቷት ይሁን አላውቅም፤ የእግሩ ኮቴ ቆም ብሎ ነበር።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 11

ዳቦ ላመጣ ወርጄ ሳለ ላላ ሶዲያ ለዳቦ ጋጋሪው ሲያወሩ ሰማኋቸው። መኖሬን አላዩም። «ልጅቷ ቀኑን ሙሉ ከኮምፒውተር ጋር በፈረንጅ አፍ ታወራለች፣ እናትየዋ ደግሞ ከግድግዳው ጋር። ከሁለቱ የትኛዋ እንደምትብስ አላህ ይወቀው።»

ዳቦውን ሳልይዝ ተመለስኩ። እማዬ «ዳቦውስ?» አለች። ለምን እንደወጣሁ እንኳ ረስቼው ነበር። ይኸው! የምረሳው እኔ ነኝ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 20

ዛሬ ራሴን መረመርኩ። ሳሎን ውስጥ ማንም ሳይኖር፣ ለሽማግሌዎቹ የማነባቸውን ጥያቄዎች ከስክሪኑ ላይ አንድ በአንድ ለራሴ አነበብኩ። ቀኑ ማን ነው? ሐሙስ። ስንተኛው ቀን? አላወቅሁም፤ ከላይ የጻፍኩትንም ስልኬ ላይ አይቼ ነው። ወቅቱ ምንድን ነው? የነገርኩዎትን ሦስት ቃላት ይድገሙልኝ። ቃላቱን ራሴ እያነበብኩ እንዴት ልረሳ እችላለሁ? ምርመራው ለራስ አይሆንም።

ፈራሁ። በአርባ ሦስት ዓመቴ አእምሮዬ ቢከዳኝስ? እማዬን ማን ያያታል?

እማዬን መጠየቅ እችል ነበር፤ ለምርመራው የሚያስፈልገው ሁሉ ጭንቅላቴ ውስጥ አለ። ግን እናት ይህን አትጠየቅም፤ ነውር ነው። ደግሞስ ምን ሆናለችና? ሰሞኑን ኖኤሊያ እያለች ነው የምትጠራኝ። ቀልዱ ጥሟታል።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 29

«ኖኤሊያ» አለችኝ ሻይ ስቀዳላት። «ሉብና መቼ ነው የምትመጣው?»

«ማታ» አልኳት። እንዲሁ አፌ ላይ መጣልኝ።

«በልታ ትመጣ ይሆን?»

ኩሽና ገብቼ ብዙ ዕቃ አጠብኩ። የታጠበውንም ደግሜ።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 2

ዶን ኤላዲዮን ደውዬ ገና ሰላም ሳልላቸው ወተቱ ሲገነፍል ሰማሁ። ማዳመጫውን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ሮጥኩ። ስመለስ እማዬ ወንበሬ ላይ ተቀምጣ፣ ማዳመጫውን በሻርፗ ላይ አድርጋ ታወራለች። በስፓኒሽ!

ልጅ ሳለች ኤንሳንቼ ሰፈር አንድ የስፔን ቤተሰብ ጋ የቤት ሠራተኛ እንደነበረች አውቃለሁ። ከዚያ ያለፈ አውርታን አታውቅም። ስፓኒሽ ተናግራ የሰማኋትም ገበያ ላይ ቃል ሁለት ቃል ነው። ዛሬ እንደ ውሃ ይፈስላታል። የዶን ኤላዲዮም ድምፅ ከማዳመጫው አልፎ ይሰማኛል።

«ረሒሞ እባላለሁ። ቴቱዋን እየዘነበ ነው። ልብሱን ከገመዱ ላይ አላነሳሁትም፤ ሴኞራ፣ እመቤቴ፣ ትቆጣኛለች።»

«የኔዋም ቁጡ ናት! ደግነቱ ገበያ ሄዳለች።»

«የኔዋ ቤተ ክርስቲያን ናት።»

«እንግዲያው ሳይመጡብን እንጫወታ፣ ረሒሞ!»

ሁለቱም ተንከተከቱ። እጄ ላይ ወተት እየተንጠባጠበ ቆሜ ቀረሁ። እኔ ይህን ሁሉ ጊዜ ደውዬላቸው እንዲህ ስቀው አያውቁም። እሷም ከኔ ጋር እንዲህ ከሳቀች ቆይታለች።

ከዚያ ነው ትዝ ያለኝ፦ ጥሪው ይቀዳል። ቴቱዋን ብላለች።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 4

ኑሪያ በቪዲዮ ደወለች። ፊቷ ዛሬ ፀሐይ የለውም።

«ሉብና፣ ቅጂውን ሰማሁት። ሴትየዋ ማናት?»

«እናቴ ናት። ቀልደኛ ናት፤ ይቅርታ። አይደገምም።»

«ሁለቴ ነው የሰማሁት» አለች ቀጥላ። «እናትሽ የምትቀልድ አልመሰለኝም። ሐኪም አይቷታል?»

«ደህና ናት።»

«እሺ። እኔ ማስጠንቀቂያውን መጻፍ አለብኝ። አንድ ጊዜ ቢደገም ውሉ ይቋረጣል፤ ከኔ እጅ ይወጣል። በር ያለው ክፍል ውስጥ ሥሪ።»

ኮምፒውተሩን ወደ መኝታ ቤቴ አስገባሁት። ከነገ ጀምሮ በሩን ዘግቼ ነው የምሠራው። ኪራዩም መብራቱም ያለው በዚህ ሥራ ላይ ነው፤ ሌላ ምርጫ የለኝም። እማዬ በሩን ቀስ አድርጋ ታንኳኳለች፣ እንደ እንግዳ። «ሥራ ላይ ነኝ» ስላት «ይቅርታ ሴኞራ» ትላለች።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 10

ተገኘች። አልሃምዱሊላህ። ተኝታለች። መጻፍ አልቻልኩም።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 11

ከመጀመሪያው ልጀምር።

ትናንት ጠዋት በሩን ዘግቼ ለዶን ኤላዲዮ ደወልኩ። «ኖኤሊያ ነኝ፣ እንዴት አደሩ?» ስል የመለሱልኝ ቃል አልነበረም። ምላሳቸው ተሳስሯል። ስኒ ሲሰበር፣ ወንበር ሲገለበጥ፣ ከዚያ ከባድ ነገር ወለሉ ላይ ሲወድቅ ሰማሁ። የአምቡላንሱን ቁልፍ ነካሁ። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ሰው እስኪደርስላቸው ድምፅሽ ከቤቱ መጥፋት የለበትም። አወራኋቸው። ስለ ውሻው፣ ስለ ባቡሩ፣ ያገኘሁትን ሁሉ።

በመሐል የእኛ ቤት የውጭ በር ተከፍቶ ሲዘጋ ሰማሁ።

ላላ ሶዲያ ናቸው የገቡት አልኩ። ለራሴ እንዲህ ነው ያልኩት። ግን ላላ ሶዲያ ሲገቡ ከደረጃው ጀምረው ይጮሃሉ፤ ትናንት የጮኸ የለም። ማይኩን ዘግቼ «እማዬ!» ብዬ ተጣራሁ። ዝም። ማይኩን ስከፍት ዶን ኤላዲዮ በዚያ በተሳሰረ ምላሳቸው «አት...ሂጂ» አሉኝ።

«አልሄድም። እዚሁ ነኝ» አልኳቸው።

አልሄድኩም። ሌላ ሰው ቢሆን ምን ያደርግ ነበር? ይህን ጥያቄ ሌሊቱን ሙሉ ስገለብጠው አደርኩ። መልሱ አንዴ እንዲህ፣ አንዴ እንዲያ ይሆንብኛል። የማላውቀው ሰው እንዳይሞት እናቴን ዝናብ ላይ ለቀቅኳት? ወይስ ማን እንደወጣ በእርግጥ አላወቅሁም ነበር? አላውቅም። በሩን አንድ ጊዜ ከፍቶ ማየት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ማየቱን ራሱ ነው የፈራሁት መሰለኝ።

የአምቡላንስ ሰዎቹ ድምፅ ቤታቸው ውስጥ ሲሰማ ማዳመጫውን ወርውሬ ወጣሁ። ሶፋው ባዶ ነው። ጀላቢያዋም ጫማዋም አለ፤ ነጠላ ጫማዋ ግን የለም። ውጭ ዝናቡ ሰማይ የተቀደደ ይመስላል። ዳቦ ቤቱ፣ መስጊዱ፣ የገበያው ቁልቁለት፣ እስከ ከተማው በር እስከ ባብ ኤል ኦክላ ድረስ ፈለግኋት። ላላ ሶዲያ በዚያ ጉልበታቸው ጃንጥላቸውን ይዘው የየሱቁን ሰው እያስቆሙ «ረሒሞን ያያችሁ!» ሲሉ ዋሉ። እኔ በውስጤ ስንት ጊዜ ያማኋቸውን ሴትዮ። ዙሄር ከታንጀር እየነዳ በየመሐሉ ይደውላል። «ቤት አልነበርሽም?» «ነበርኩ።» «ታዲያ እንዴት ወጣች?»

ከሰዓት በኋላ ነው የተገኘችው። ኤንሳንቼ፣ አንድ አሮጌ ፎቅ በር ላይ። ምድር ቤቱ መድኃኒት ቤት ነው፤ ባለመድኃኒት ቤቷ ወንበር አውጥታ፣ የራሷን ካፖርት ደርባላት አስቀምጣታለች። «ግቢ ብላት እምቢ አለችኝ» አለችኝ ሴትየዋ። «ሥራ የምገባው በዚህ በር ነው ትለኛለች። ደጋግማ ታንኳኳለች።»

እማዬ ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተጣብቆ ቀና ብላ አየችኝ።

«ኖኤሊያ! እንኳን መጣሽ። አርፍጃለሁ። ዝናቡ ነው ያስረፈደኝ ብለሽ ለሴኞራ ንገሪልኝ።»

እግሯ ሥር ቁጭ አልኩ። «ነግሬያታለሁ» አልኳት። «ዛሬ ዕረፍት ነው፣ ትሂድ ብላለች።»

«ደመወዜን አትቆርጥም?»

«አትቆርጥም።»

«እንግዲያው እንሂድ» አለችና እጇን ሰጠችኝ። እጇ በረዶ ነበር።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 16

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ጨዋ። ወንበሩን ስቦ እማዬ አጠገብ ተቀመጠና ጠየቃት። ቀኑ ማን ነው? ወቅቱስ? እነዚያኑ ጥያቄዎች፣ በዚያው ቅደም ተከተል፣ በእኛ ቋንቋ። እያንዳንዱን ከመጠየቁ በፊት አውቀው ነበር። መልሷ ከአፏ ሲወጣ ሲስተሙ ላይ ምን ተብሎ እንደሚጻፍም አውቅ ነበር።

«ወቅቱማ የወይራ ለቀማ ነዋ» አለችው። «አንተ የማን ልጅ ነህ? ገበሬ አይደለህም?»

ሐኪሙ ሳቀ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረ። «መቼ ነው የጀመራት?»

ዙሄር አየኝ። «በቅርቡ ነው» አልኩ። ሐኪሙ የሚጽፍበትን እስክሪብቶ አቁሞ ትንሽ ጠበቀኝ። ሌላ አልጨመርኩም። ዙሄርም አላጋለጠኝም። መኪና ውስጥ ስንገባ ብቻ፣ «እኔም ታንጀር ተቀምጬ ስልክ ላይ ‹ደህና ናት› ስትይኝ ደስ ይለኝ ነበር» አለኝ። ቢጮህብኝ ይሻል ነበር።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 23

ኑሪያ በስብሰባው ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ አመሰገነችኝ። ዶን ኤላዲዮ የተረፉት በእኔ ነው ተባለ። ሁሉም ስክሪኑ ላይ አጨበጨቡ፤ የእጅ ሥዕል ነው፣ ድምፅ የለውም። ማስጠንቀቂያውም ተነሥቶልኛል። «በሩን ብትለቂው ኖሮ...» ያለች መሰለኝ፤ «መስመሩን ብትለቂው ኖሮ...» ነው ያለችው፤ እኔ ነኝ በር ብዬ የሰማሁት። ማልቀስ ጀመርኩና ካሜራውን አጠፋሁ። በደስታ ነው ብለዋል።

ኋላ ለብቻዋ ደውዬ ከቀትር በፊት ብቻ ልሥራ አልኳት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። «አስፈቅድልሻለሁ፤ ክፍያው ግን በግማሽ ይወርዳል» አለች። ዙሄር «የጎደለው በኔ» ብሏል። እማዬን ታንጀር ልውሰዳት ብሎም ነበር፤ ሁለታችንም ሳንገፋበት ቀረ። ጠዋት ጠዋት ላላ ሶዲያ የሚሠሩትን ሹራብ ይዘው እየመጡ ይቀመጣሉ። ኮምፒውተሩን ወደ ሳሎን መለስኩት። ኑሪያ ታውቃለች፤ «አልሰማሁም» ነው ያለችኝ።

ያን ቀን ከወንበሬ አለመነሳቴ ትክክል ይሁን አይሁን አሁንም አላውቅም። ሌሎች ቤቶች ውስጥ የምሰማውን እዚህ ለምን አልሰማሁም? አንዳንዴ ሰምቻለሁ እላለሁ፤ አንዳንዴ ምንም።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 7

የዶን ኤላዲዮ ልጅ ደወለች። አሱንሲዮን ትባላለች። አባቷ ከሆስፒታል ወጥተው አረጋውያን ማረፊያ ገብተዋል፤ ቀኝ እጃቸው ባይታዘዝላቸውም መናገር ጀምረዋል። «እኔ ከቤታቸው ግማሽ ሰዓት ርቀት ላይ እየኖርኩ አንቺ ነሽ የደረስሽላቸው» አለችኝና ድምፅዋ ተሰበረ። «አይዞሽ» አልኳት።

ተሰናብታኝ ልትዘጋ ስትል፣ «አንቺስ ኖኤሊያ፣ እናት አባት አሉሽ?» አለችኝ።

ደንበኞች ይህን ሲጠይቁ መልሱ «ደህና ናቸው፣ አመሰግናለሁ» ነው። እሱን ልል አፌን ከፈትኩ።

«እናቴ ታማለች» አልኩ። «ትረሳለች። እኔንም አታውቀኝም።»

በስፓኒሽ ነው ያልኩት። ለዙሄር አላልኩትም፤ ለሐኪሙም፣ ለላላ ሶዲያም። በራሳችን ቋንቋ አንድም ቀን ከአፌ አልወጣም። አሱንሲዮን የሆነ ነገር አለችኝ፤ ደግ ነገር፤ አልያዝኩትም። ማዳመጫውን አወለቅሁ።

እማዬ ሶፋው ላይ መንደሪን እየላጠች ነበር። ላላ ሶዲያ ሹራባቸው ላይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። እማዬ ስፓኒሽ እንደምትሰማ የረሳሁት እኔ ነኝ።

«ምስኪን» አለችኝ፣ ቀና ብላ። «የማን እናት ናት?»

«የሉብና» አልኳት።

ከልቧ አዘነች። መንደሪኑን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ራሷን ነቀነቀች። «አላህ ያሽርላት። እሷስ ልጅቱ፣ ብቻዋን ናት?»

«ብቻዋን አይደለችም።»

«ጥሩ» አለች። መንደሪኑን ለሁለት ከፈለችው፤ ትልቁን ግማሽ መርጣ፣ ነጩን ክር አንድ በአንድ አጽድታ ዘረጋችልኝ።

«እንኪ፣ ይህን ውሰጂላት።»

ተቀብዬ አጠገቧ ተቀመጥኩና በላሁት።